የልጅን ቃል የተረዳነው እኛ ብቻ ስንሆን

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዷ፣ የሶሻል ወርክ ተማሪ፣ ለልምምድ በተመደበችበት ጋን ውስጥ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ልብሷ ላይ ቀለም ደፋች። ልጅቷ ደነገጠች። ወደ ጓደኛችን ጠጋ ብላም በአማርኛ፣ «እማዬ እንደዚያን ቀን በርበሬ ታጥነኛለች» አለቻት። አስተማሪዋ ከንግግሩ ውስጥ «በርበሬ» የምትለዋን ቃል ብቻ ለየች። ፈገግ ብላ፣ «ምን አለች? ርቧት ነው?» ብላ ጠየቀች። ጓደኛችንም፣ «አዎ፣ ርቧት ይሆናል» ብላ መለሰች።

በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ትልልቅ ሰዎች መካከል ልጅቷ ያለችው የገባት ጓደኛችን ብቻ ነበረች። እሷም ዋሸች።

በርበሬ ማጠን ምን እንደሆነ ለወላጆቻችን ማስረዳት አያስፈልግም። ከእነሱ መካከል በልጅነቱ የቀመሰው አለ፤ ጎረቤት ሲታጠን ያየማ ብዙ ነው። እዚህ ተወልዶ ላላወቀው ግን እንናገር፦ ፍም ላይ በርበሬ ይነሰነስና ልጁ ፊቱን በጭሱ ላይ እንዲያደርግ ይገደዳል። ዓይን ይቃጠላል፣ ትንፋሽ ያጥራል። አስም ላለበት ልጅ ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር ነው። በሰውነት ላይ ግን ምንም ምልክት አይተውም። በማግስቱ ጠዋት ልጁን ጋን የሚቀበለው ሰው የሚያየው ምናልባት ቀላ ያለ ዓይን ብቻ ነው።

ይህን የምንጽፈው ጓደኛችንን ለመውቀስ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ስታወራን፣ «ብናገር ልጅቷን ይወስዷታል፣ ዝም ብል ደግሞ እንቅልፍ የለኝም» ነበር ያለችው። እኛም በእሷ ቦታ ብንሆን ያንኑ ውሸት እንናገር እንደነበር እርስ በርሳችን ተማምነናል። ከማኅበራችን አባላት ውስጥ የሶሻል ወርክ፣ የነርስነት፣ የመምህርነትና የሥነ ልቦና ተማሪዎች አሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየጋኑ፣ በየኩፓት ሆሊሙና በየረቫሃው ቢሮ የምንቀመጠው እኛ ነን። ስለዚህ ጥያቄው የሁላችንም ነው፦ አንድ ልጅ እየተጎዳ እንደሆነ ስንጠረጥር ምን እናደርጋለን? የእኛ መልስ «እንናገራለን» የሚል ነው። ነገር ግን የሚናገረው ሰው ምን እንዳየ በትክክል ማወቅ አለበት፤ የሚሰማው ባለሙያም ማንን እያየ እንደሆነ ማወቅ አለበት። በዚህ በኩል ብዙ ይቀረናል።

ሁለት ስህተቶች

የሌላኛው ወገን ታሪክም አለን። ከመካከላችን የአንዱ እህት የሦስት ወር ሕፃኗን ለክትባት ይዛ ሄደች። ነርሷ ልብሱን ስትገልጥ በወገቡና በመቀመጫው ላይ ሰማያዊና ግራጫ የመሰለ ነገር አየች። «ይህ ምንድን ነው? ወድቆ ነው? ቤት ውስጥ ማን ነው የሚይዘው?» እያለች ደጋግማ ጠየቀች። እናቲቱ ከድንጋጤ የተነሣ ዕብራይስጡ ጠፋባት። ዝም ማለቷ ደግሞ ጥርጣሬውን አባባሰው። ብዙ ሰዓት ከጠበቀች በኋላ ሌላ ሐኪም መጥቶ ምልክቱ ከልደት ጀምሮ የነበረ መሆኑን ተናገረ። ይቅርታ ያላት ሰው አልነበረም። እህታችን ከዚያ በኋላ ሁለት ቀጠሮ አሳለፈች።

ያ ምልክት በጥቁር ሕዝቦችና በእስያውያን ሕፃናት ላይ እጅግ የተለመደ ነው። ቀለም የሚሰጡ ሴሎች ጠለቅ ብለው በቆዳው ውስጥ ስለሚቀሩ የሚመጣ ነው። አያብጥም፣ ሲነኩትም አያምም። በምት የመጣ ብላዥ በቀናት ውስጥ ቀለሙን እየለወጠ በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል። ይህ ግን እንዳለ ቆይቶ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሕፃኑ እንደተወለደ ምልክቱ በሆስፒታልና በቲፓት ሐላቭ መዝገብ ላይ ከነቦታውና ከነስፋቱ ይጻፍ። ነርሷ ካልጻፈች ወላጅ «ይጻፍልኝ» ይበል።

ተቃራኒውም እውነት ነው። በነጭ ቆዳ ላይ ወዲያው የሚታይ መቅላትና መበለዝ በእኛ ልጆች ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም። ጥሩ ብርሃን ይፈልጋል። እብጠቱን፣ ሙቀቱንና ሕመሙን በእጅ መፈለግ ያስፈልጋል። ጥቁር ቆዳ ማየት ያልተማረ ባለሙያ አንዱን ቤተሰብ በከንቱ ይከሳል፤ የሌላውን ቤተሰብ ልጅ ደግሞ ከነጉዳቱ ወደ ቤቱ ይመልሳል።

ሁለቱ ስህተቶች የተያያዙ ናቸው። በከንቱ የተጠረጠረች እናት ከክሊኒክ ትሸሻለች። ወሬውን ለእህቷ፣ ለጎረቤቷ፣ ለቡና ጓደኞቿ ትናገራለች። ያን ወሬ ሰምቶ ያደገ ወጣት ነው እንግዲህ፣ እውነተኛው ነገር ሲገጥመው «ርቧት ይሆናል» የሚለው።

ከእነዚህ የባሰ ሦስተኛ ስህተትም አለ። እሱም «ባህላቸው ነው» ማለት ነው። አንዳንዱ ይህን ሲል አክብሮት ያሳየ ይመስለዋል። ነገር ግን ትርጉሙ ሌላ ልጅ ላይ ቢደርስ ስልክ የሚያስነሣው ነገር በእኛ ልጅ ላይ ሲደርስ ዝም ይባላል ማለት ነው። እኛ እንዲህ ዓይነት አክብሮት አንፈልግም። የሕፃን ዓይን በጭስ ሲቃጠል ሕመሙ ባህል አይለይም።

ምን እናይ?

በትምህርት ቤት ከምንማረው ውስጥ ለእኛ በጣም የሚጠቅመን ምልክትን ከዕድሜና ከታሪኩ ጋር አገናኝቶ ማየት ነው። የሚሮጥ ልጅ ጉልበቱ፣ ቅልጥሙና ግንባሩ ቢላላጥ ወይም ቢበልዝ የጨዋታ ነገር ነው። ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ግን ራሱን የሚያበልዝበት መንገድ የለውም፤ ትንሽም ብትሆን ጥያቄ ታስነሣለች። ከአራት ዓመት በታች በሆነ ልጅ ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ ጆሮ ወይም አንገት ላይ ያለ ብላዥም እንዲሁ ነው። ቅርጽ ያለው ምልክት፣ ለምሳሌ የቀበቶ፣ የገመድ ወይም የመዳፍ፣ በመውደቅ አይመጣም። በሌላ በኩል በልጅ ገላ ላይ ያለ ጠባሳ ሁሉ የጭካኔ አይደለም። ዋግምት ክብ ምልክት ይተዋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ልጅ በባህል ሐኪም የተበጣ ወይም የተተኮሰ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ከመደምደሙ በፊት ይጠይቅ። መልሱን ሲሰማ ደግሞ መቼና በማን እጅ እንደተደረገ፣ ዛሬም የሚደረግ እንደሆነ አጥብቆ ይጠይቅ።

ቀጥሎ ታሪኩ ነው። የተነገረው ነገር ከጉዳቱ ጋር ይገጥማል? በተነገረ ቁጥር ይለዋወጣል? ልጁ ከተጎዳ በኋላ ሕክምና ለማምጣት ለምን ዘገየ? እነዚህ ጥያቄዎች ለሀብታምም ለድሃም፣ ለሩሲያኛ ተናጋሪም ለአማርኛ ተናጋሪም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው።

ቸልተኝነት ደግሞ ከምት ይልቅ ለማየት ያስቸግራል። ትንንሽ ልጆች ሌሊት ብቻቸውን ማደራቸው፣ የታመመ ልጅ በተደጋጋሚ መድኃኒቱን አለማግኘቱ፣ ለሳምንታት ትምህርት ቤት አለመሄዱ ሊታዩ ይገባል። ሆኖም ድህነትና ቸልተኝነት አንድ አይደሉም። ሌሊት ጽዳት ሠርታ ጠዋት የምትመለስ እናት ልጇን አያቱ ዘንድ ብታሳድር ልጇን ጣለች ማለት አይደለም። እኛ ያደግነው በአያት፣ በአክስትና በታላቅ እህት እጅ ነው። ያጣ ቤተሰብ እርዳታ እንጂ ክስ አያስፈልገውም።

ጠባይም ይናገራል፤ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አንድ ባለሙያ «ልጁ ዓይኔን አያይም፣ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ፈርቷል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እኛ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲናገር አንገታችንን ደፍተን መስማት ጨዋነት ነው ተብለን አደግን። ታዲያ በምን ይለያል? ልጁን ከሌላ ልጅ ጋር ሳይሆን ከትናንትናው ከራሱ ጋር በማስተያየት ነው። ትናንት ሲስቅና ሲጫወት የነበረ ልጅ ዛሬ ከተኮራመተ፣ መሽናት የለመደ ልጅ እንደገና ልብሱ ላይ ከሸና፣ ወደ ቤት መሄጃ ሰዓት ሲደርስ ካለቀሰ፣ ያኔ ጨዋነት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

ልጅ ሲናገር

«የልጅ ነገር፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» እንላለን። ይህ አባባል ስንት ልጅ ዝም እንዳሰኘ አስቡ። ጥሬውን ከብስሉ መለየት የእኛ ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ ቃሉ ሳይበላሽ ለሚለየው ሰው ማድረስ ነው።

ስለዚህ ልጅ ሲነግረን እንስማ። «ምን ሆነ? ንገረኝ» ማለት ይበቃል። «አባትህ ነው አይደል የመታህ?» ብለን አፉ ውስጥ ቃል አንክተት። «ለማንም አልናገርም» ብለን ቃል አንግባ፤ አንጠብቀውምና። በሰማነው ተደናግጠን አንጩህ፤ ልጁ ያጠፋ ይመስለዋል። ጥርጣሬው በቤቱ ሰዎች ላይ ከሆነ ከሚያውቅ ሰው ሳንመክር ወላጁን ጠርተን አንጋፈጥ፤ ልጁ ማታ የሚገባው ወደዚያው ቤት ነው። ከዚያም ልጁ ያለውን በራሱ ቃል፣ በተናገረበት ቋንቋ እንጻፍ። «በርበሬ ታጥነኛለች» ካለች «እናቷ ትቀጣታለች» ብለን አናሳጥረው። ቃሉን እንዳለ ጽፈን ትርጉሙን ከሥሩ እናስፍር።

ከዚህ በላይ ምርመራ የለንም። በእስራኤል ከ1955 ጀምሮ ባለው ሕግ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን የሚያነጋግሩ ልዩ የሕፃናት መርማሪዎች አሉ። ንግግሩ ይቀረጻል፤ አስፈላጊ ሲሆን ልጁ ፍርድ ቤት እንዳይቆም መርማሪው ስለ እሱ ይመሰክራል። አስተማሪው፣ ዳይሬክተሩ፣ አክስቱና ቄሱ አስቀድመው ደጋግመው ከጠየቁት ግን የልጁ ቃል ከእነሱ ጥያቄ ጋር ይደባለቃል።

ስለ ትርጉምም አንድ ነገር እንበል። ብዙዎቻችን በስምንትና በዘጠኝ ዓመታችን በቢሮው ሁሉ ለወላጆቻችን አስተርጓሚ ነበርን። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚባለው ለእኛ ተረት አልነበረም። ነገር ግን በልጅ ላይ ጉዳት ተጠርጥሮ ታላቅ ወንድም፣ ዘመድ ወይም በኮሪደር የምታልፍ የጽዳት ሠራተኛ ጠርቶ ማስተርጎም ነውር ነው። ወንድሙ ለእናቱ ያዳላል ወይም ይፈራል፤ ሠራተኛዋ ደግሞ የሠፈሯ ሰው ናት። የሚያስፈልገው ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት፣ የተማረ አስተርጓሚ ነው። ቋንቋው አማርኛ ይሁን ትግርኛ መጠየቅም አይረሳ።

ሕጉ ምን ይላል? ከዚያስ?

እ.ኤ.አ. በ1989 በእስራኤል የወንጀል ሕግ ውስጥ የገባው አንቀጽ ግልጽ ነው። አሳዳጊው ወይም ኃላፊው የሆነ ሰው በልጅ ላይ በቅርቡ ወንጀል እንደፈጸመ ለማሰብ በቂ ምክንያት ያለው ማንኛውም ሰው ለረቫሃው የሕግ ሶሻል ወርከር ወይም ለፖሊስ በተቻለ ፍጥነት ማስታወቅ አለበት። ያላስታወቀ ተራ ሰው እስከ ሦስት ወር እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ሐኪም፣ ነርስ፣ አስተማሪ፣ ሶሻል ወርከር፣ የሥነ ልቦና ባለሙያና የመሳሰሉት በሥራቸው ምክንያት ካወቁ ደግሞ እስከ ስድስት ወር። ሕጉ ማስረጃ አምጡ አይልም። ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ይበቃል። ማስታወቅ ፍርድ አይደለም፤ ጥያቄ ነው።

በጃንዋሪ 2000 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወላጅ ለማስተማር ብሎ ልጁን መምታት እንደማይፈቀድለት ወሰነ። በዚያው ዓመት ክኔሴት ለወላጅ ምት መከላከያ ሆኖ ይጠቀስ የነበረውን የቆየ አንቀጽ ሰረዘ። «እዚህ አገር ልጅ መቅጣት ክልክል ነው» እያሉ የሚያዝኑ ሽማግሌዎች አሉን። በአክብሮት የምንመልስላቸው፣ መቅጣትና መምታት አንድ አለመሆናቸውን ነው። ኢትዮጵያ ራሷ በ1995 በሥራ ላይ ባዋለችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆን ጽፋለች።

«ልጆቻችንን ይወስዳሉ» የሚለው ፍርሃት ከየትም የመጣ አይደለም። በ2016 የቀረበው የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት በኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን ላይ በመንግሥት ተቋማት ጭምር ዘረኝነት መኖሩን ተቀብሎ ጽፏል። ስለዚህ ለወላጆቻችን «አትፍሩ» ብቻ ብለን አናልፍም። መብታቸውን እንንገራቸው። ልጅ አስቸኳይ አደጋ ላይ ነው ብሎ የሕግ ሶሻል ወርከር ያለ ወላጅ ፈቃድ እርምጃ መውሰድ ይችላል፤ ነገር ግን ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ከአንድ ሳምንት በላይ መዝለቅ አይችልም። ከዚያ ውጭ ጉዳዩ ስለ ልጁ እቅድና እንክብካቤ ወደሚነጋገር ኮሚቴ ይቀርባል፤ ወላጆችም ተጠርተው ይናገራሉ። በዚያ ስብሰባ ላይ በሚገባችሁ ቋንቋ አስተርጓሚ ጠይቁ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ የፍትሕ ሚኒስቴርን የሕግ እርዳታ ክፍል ጠይቁ። ከሁሉም በፊት ደግሞ የሠፈራችሁን ሶሻል ወርከር ችግር ሳይመጣ እወቋት። እሳት ከተነሣ በኋላ የሚተዋወቁ ሰዎች አይተማመኑም።

ጎረቤት የት ሄደ?

ወላጆቻችን ስለ ጎንደር መንደራቸው ሲያወሩ አንድ ነገር ይደጋግማሉ። ልጅ ሲገረፍ ጎረቤት ሮጣ ትገባ ነበር። «ተው! በቃው!» ትላለች። ልጁ አምልጦ እሷ ቤት ከገባ አባት ተከትሎ አይመታውም፤ ነውር ነው። ያ ጎረቤት የሕፃኑ ጠባቂ ነበረች። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ ይዘጋል። ጩኸቱ በግድግዳው ያልፋል፤ ጎረቤት ግን ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል። ደውሎ የተናገረ ካለም ለብዙ ጊዜ «አሳባቂ» ይባላል።

እኛ ሕጉ የሚጠይቀን ያቺ ጎረቤት ትሠራ የነበረውን ነው ብለን እናምናለን። ልዩነቱ ዛሬ «ተው» የሚባለው በስልክ መሆኑ ነው። የረቫሃ ሚኒስቴር የጥሪ ማዕከል 118 ነው። ልጅ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ ፖሊስ 100 ነው። በኢንተርኔት ለሚደርስ ጥቃት 105 አለ። ገመናን መሸፈን መልካም ጠባያችን ነው፤ ነገር ግን የትልቁን ገመና ለመሸፈን ትንሹ የሚቃጠል ከሆነ የተሸፈነው ገመና ሳይሆን በደል ነው።

ጓደኛችን በአራተኛው ቀን ወደ ጋኑ ተመልሳ ለአስተማሪዋ፣ «ያን ቀን አልራባትም ነበር» አለቻት። ከዚያም ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳቻት። ከልምምድ አሠልጣኟ ጋር ሆነው ለሕግ ሶሻል ወርከሯ አስታወቁ፤ ጓደኛችንም አንድ መስመር አስጨመረች፦ ከእናትየው ጋር የሚደረገው ንግግር በአማርኛ አስተርጓሚ እንዲሆን። እናትየው ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ በሁለት ሥራ የምትሮጥ፣ እሷም በልጅነቷ የታጠነች ሴት ነበረች። ልጅቷ ከቤቷ አልወጣችም። እናትየው የወላጅ ምክር መውሰድ ጀመረች። ከዚህ በላይ ያለው የእነሱ ስለሆነ አንናገርም፤ እንዳይታወቁም አንዳንድ ዝርዝር ለውጠናል። ሁሉም ታሪክ እንደዚህ እንደማያልቅ እናውቃለን። ጓደኛችን ግን ስለ ውጤቱ ስትጠየቅ የምትለው ያን የሦስት ቀን ዝምታ ነው። «ያን ሦስት ማታ ልጅቷ ምን ሆና አደረች?» ትላለች።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ሁለት ነገር እንጀምራለን። አንደኛ፣ በየፋኩልቲያችን ስለ ልጆች ጉዳት በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ የጥቁር ቆዳ ምርመራና የተማረ አስተርጓሚ ጉዳይ እንዲገባ በጽሑፍ እንጠይቃለን። ሁለተኛ፣ በየማኅበረሰብ ማዕከሉ ከወላጆች፣ ከቄሶችና ከሽማግሌዎች ጋር ቡና አፍልተን በአማርኛና በትግርኛ ስለ ሕጉና ስለ ወላጅ መብት እንወያያለን። በነርስነት፣ በሕግ፣ በትምህርትና በሶሻል ወርክ ያላችሁ ሁሉ ስማችሁን ለማኅበሩ አስመዝግቡ። ወላጆቻችንም ኑና የምታውቁትን አስተምሩን፤ «ተው» እያለች የምትገባውን ጎረቤት የምታስታውሷት እናንተ ናችሁ።